የፓርክ "ትራይባል ሊዬዞን" ስራ ላመልክት ወይ ላልሽው እህቴ

ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ሰሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚ ነበርሽ፣ አሁን ሚኒሶታ ነሽ፣ ግሪን ካርድ አለሽ፣ እና "ከትራይቦች ጋር የግንኙነትና የባህል ትምህርት አስተባባሪ" የሚል የፓርክ ስራ ማስታወቂያ አይተሽ፣ ስራው በየቀኑ ምን እንደሚመስል፣ ኔቲቭ አሜሪካን (ከአገሩ ነባር ህዝቦች፣ ማለትም ከትራይቦቹ የተወለደ) ያልሆነ ሰው ማመልከት ይችል እንደሆነ፣ የአገር ቤት ልምድሽስ ይቆጠር እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። እኔ እዚሁ አገር በፓርክ ትምህርት ክፍል ገብቼ ቀስ በቀስ ወደ ግንኙነቱ ስራ የዞርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ማስታወቂያው ሁለት ስራ ባንድ ደሞዝ ነው። አንዱ ሊዬዞን ነው፣ መንግስትን ከመንግስት ጋር ማገናኘት ማለት ነው። ሌላው ጎብኚና ተማሪ ማስተማር ነው። ብዙ አመልካች ሁለተኛውን ያይና "እኔ ባህል እወዳለሁ፣ ማስተማር እችላለሁ" ብሎ ይገባል፣ ከዛ ስድስት ወር ሳይሞላው የመጀመሪያው ይውጠዋል። ስለዚህ ከከባዱ ልጀምር።

ሚኒሶታ ውስጥ የፌዴራል መንግስቱ እውቅና የሰጣቸው 11 ትራይቦች አሉ፣ 7ቱ አኒሺናቤ ናቸው (ኦጂብዌ ሲባሉ ሰምተሽ ይሆናል)፣ 4ቱ ዳኮታ። በመላ አገሪቱ ደግሞ ከ570 በላይ ናቸው። እነዚህ የባህል ማህበር አይደሉም፣ የራሳቸው ምርጫ፣ ምክር ቤት፣ ብዙዎቹም ፍርድ ቤትና ፖሊስ ያላቸው መንግስታት ናቸው፣ ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈራርመው መሬት የለቀቁ ግን መብታቸውን ሁሉ ያልለቀቁ። የ1837ቱን ውል ብቻ ብትወስጂ መሬቱን ሲሰጡ የማደን፣ አሳ የማጥመድና የዱር ሩዝ የመልቀም መብታቸውን አስቀርተው ነበር፣ ስቴቱ ያ መብት አልቋል ብሎ ተከራክሮ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1999 "ሚል ላክስ ባንድ" የሚባለው የአኒሺናቤ ትራይብ 5 ለ 4 አሸነፈ። ይሄን የማያውቅ የፓርክ ሰራተኛ ሐይቅ ላይ አሳ ሲያጠምዱ ያያቸውን ሰዎች "ህግ ጥሰው ነው" ብሎ ለጎብኚ ሲያስረዳ አስቢው። ለዚህ ነው ከባህሉ በፊት ውሉን አንብቢ የምልሽ፣ ሁሉም ስለ ዳንሱና ስለ ልብሱ ነው መጀመሪያ የሚያነበው።

በ2021 ሚኒሶታ ያወጣችው ህግ የስቴት መስሪያ ቤቶች ከትራይብ መንግስታት ጋር እንዲመክሩና ሊዬዞን እንዲመድቡ ያስገድዳል፣ አንቺ ያየሽው ዓይነት ማስታወቂያ የበዛውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በፌዴራል በኩል ደግሞ የ1966ቱ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ህግ አለ፣ ሁሉም ሰው "ሴክሽን 106" ነው የሚለው። የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ የነካው ማንኛውም ፕሮጀክት ቅርስ ሊነካ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ማየትና ትራይቦቹን ማማከር ግዴታ ነው።

ይሄ በተግባር ምን ማለት ነው? ፓርክሽ ሐይቅ ዳር አዲስ ሽንት ቤትና መኪና ማቆሚያ ሊሰራ ነው እንበል፣ ከፊሉ ገንዘብ የመጣው ከፌዴራል የመሬትና ውሃ ጥበቃ ፈንድ ነው። ኢንጅነሩ ዲዛይኑን ጨርሶ፣ ኮንትራክተር መርጦ፣ ቁፋሮው ሊጀመር ሶስት ሳምንት ሲቀረው ላንቺ ኢሜይል ይልክና "ለትራይቦቹ ደብዳቤ ላኪልን" ይልሻል። ምክክር ማለት እሱ አይደለም፣ ማርዳት ነው። ውሃ ዳር ያለ ከፍታ ደግሞ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የመቃብር ጉብታ ያለበት ቦታ ነው። ያንቺ ስራ ያ ኢሜይል ከመምጣቱ ከአመት በፊት ነው መጀመር ያለበት፣ በጀት ሲያዝ ስብሰባው ላይ መቀመጥ፣ ካርታ ላይ ገና እርሳስ ብቻ እያለ "ቦታውን ለማን አሳይተናል?" ብሎ መጠየቅ። ስለዚህ ከቀንሽ ግማሹ የሚሄደው ከራስሽ መስሪያ ቤት ሰዎች ጋር በመጨቃጨቅ ነው፣ ከትራይቦቹ ጋር ያለው ክፍል ሰው እንደሚያስበው አይከብድም። ትራይቡን ለፓርኩ ማላመድ ሳይሆን ፓርኩ በጊዜ እንዲሰማ ማድረግ፣ በኔ እምነት ስራው ይሄው ነው።

ደብዳቤው ራሱም ስርዓት አለው። ለምክር ቤቱ ሊቀመንበር ነው የሚጻፈው፣ ግልባጩ ለትራይቡ የታሪክ ጥበቃ ኦፊሰር (ቲፖ ይሏቸዋል፣ የ1992ቱ ማሻሻያ ነው ስልጣኑን የሰጣቸው)። ከፓርኩ በኩል የሚፈርመው ደግሞ ውሳኔ መስጠት የሚችል ሰው መሆን አለበት፣ መሪ ለመሪ ነው የሚጻጻፈው፣ አንቺ መንገዱን ታመቻቺያለሽ እንጂ በፓርኩ ስም ቃል አትገቢም። ሽማግሌ ተልኮ እንደሚሄድ ሰው ነሽ፣ የላኩሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ የሰማሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ "እንደገባኝ እነሱ ማለት የፈለጉት" ብለሽ ማለስለስ ከጀመርሽ ሁለቱም ወገን እምነት ያጣብሻል። መልስ ካልመጣ ደግሞ ተስማምተዋል ማለት አይደለም፣ ብዙ የቲፖ ቢሮዎች አንድ ወይም ሁለት ሰው ናቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ የስልክ ታወር፣ የመንገድ፣ የቧንቧ መስመር፣ የሁሉም ደብዳቤ ተከምሯል። ደውዪ፣ ከተቻለ ሄደሽ ቢሯቸው አግኚያቸው፣ ምንም ሳትፈልጊ ጭምር ሂጂ ምክንያቱም በአመት አንዴ ሲቸግራት ብቻ የምትደውል ሴት ሆነሽ መታወቅ አትፈልጊም።

ቁፋሮ ላይ የሰው አጽም ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ፎቶ የለም፣ ለጓደኛ መላክ የለም፣ ማንሳት የለም፣ ስራው ቆሞ ለፖሊስ ይነገራል ከዛ የስቴቱ አርኪዮሎጂስትና የሚኒሶታ ኢንዲያን ጉዳዮች ምክር ቤት ይገባሉ (ምክር ቤቱ በ1963 ነው የተቋቋመው)። ሙዚየምና የፌዴራል ፓርኮች መጋዘን ውስጥ ላለው አጽምና ቅዱስ እቃ ደግሞ ናግፕራ የሚሉት የ1990 ህግ አለ፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደንቡ ጠብቆ ያለ ትራይቡ ወይም ያለ ዘር ወራሾቹ ፈቃድ ማሳየትም ሆነ ማጥናት ክልክል ሆኗል፣ ብዙ ትልልቅ ሙዚየሞች የመስታወት ሳጥናቸውን በጨርቅ የሸፈኑት በዛን ሰሞን ነው። እና አደራሽን፣ ቅዱስ ቦታ የት እንዳለ ከነገሩሽ የነገሩሽ ላንቺ ነው፣ ካርታ ላይ ወይም ብሮሸር ላይ እንዳይወጣ። ህጉም ቦታውን ሚስጥር ማድረግ ይፈቅዳል፣ ዘራፊ አለ፣ ሰልፊ ፈላጊውም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ፣ አንቺ የምትወጂው እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል እኔም ከዛ ስለመጣሁ እወደዋለሁ። እዚህ ስቴት 6ኛ ክፍል የሚኒሶታ ታሪክ ስለሚማሩ በግንቦትና በመስከረም አውቶቡስ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ይመጣልሻል። የቆዩ የፓርክ ታፔላዎች "ዳኮታዎች እዚህ ይኖሩ ነበር፣ ያድኑ ነበር" ነው የሚሉት፣ ሁሉም ያለፈ ነገር፣ ልጁም አልቀዋል ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛው ዳኮታ ልትሆን እኮ ትችላለች። መጀመሪያ የማስተካክለው ሁሌ ይሄን ነው። ላባ የተሰካበት የወረቀት ቆብ ማሰራት፣ "የኢንዲያን ስም እናውጣላችሁ" ማለት፣ እነዚህ አሁንም ባንዳንድ ፓርክ አሉ፣ ገብተሽ ካገኘሻቸው ያለብዙ ስብሰባ አስቁሚያቸው።

ሌላ ከውጭ የመጣ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ኦጂብዌዎቹም ዳኮታዎቹም ዘንድ የክረምት ብቻ የሆኑ ተረቶች አሉ፣ በረዶ መሬት ላይ ሳለ ነው የሚነገሩት። ፓርክ ደግሞ ጎብኚ የሚሞላው በበጋ ነው፣ እና ማርኬቲንጉ "በጁላይ እሳት ዳር የትራይብ ተረት ምሽት" ብሎ ፖስተር አውጥቶ ተናጋሪ ፈልጊ ይልሻል። መልሱ ተናጋሪ መፈለግ አይደለም፣ ፕሮግራሙን ወደ ጃንዋሪ ማዞር ነው፣ ወይ በበጋ ስለ ዱር ሩዝ፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ በርች ቅርፊት፣ አዛውንቷ ራሷ ለመናገር ስለፈለገችው ነገር ማድረግ። ርዕሱን እነሱ ይምረጡት። ምን ይነገር ምን አይነገር የሚለው ውሳኔ የነሱ ነው፣ "ይሄንን አንናገርም" ካሉ ምክንያት አትጠይቂ።

ክፍያ ላይ ደግሞ ጠበቅ ብዬ ልናገር ምክንያቱም ብዙ ግንኙነት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንድ አዛውንት አራት ሰአት ነድተው መጥተው ሁለት ሰአት ካስተማሩ በኋላ "ቅጹ አልተሞላም፣ ቼኩ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደርሶታል" መባል የለባቸውም። የመንግስት ፋይናንስ ቀርፋፋ ነው፣ አቅራቢ ሆኖ መመዝገብ፣ የታክስ ቅጽ ምናምን፣ ይሄን ሁሉ አንቺ ከሁለት ወር በፊት ጨርሰሽ ቼኩ በቀኑ በእጃቸው እንዲገባ አድርጊ፣ ነዳጅና ሆቴልም ጨምሪ። እንደ ሙያተኛ ነው የሚከፈላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጠርቶ በነጻ አያናግርም። አንድን አዛውንት እርዳታ ወይ ምክር ስትጠይቂ ትምባሆ ማቅረብ እዚህ አካባቢ ልማድ ነው፣ እንዴት እንደሚሰጥ የዛኑ ማህበረሰብ ሰው ጠይቂና አድርጊ፣ ትምባሆው ግን ክፍያ አይደለም፣ ሁለቱ አይተካኩም።

ታሪኩ ራሱ ደግሞ የሚከብድበት ቦታ አለ። ፎርት ስኔሊንግ ስቴት ፓርክን ታውቂው ይሆናል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው፣ የኛ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ስጋ የሚጠብስበት። ሁለቱ ወንዞች፣ ሚኒሶታና ሚሲሲፒ፣ የሚገናኙበትን ቦታ ዳኮታዎች ብዶቴ ይሉታል፣ ብዙዎቹ ህዝባችን የተፈጠረበት ነው ይላሉ። ያው ቦታ ነው በ1862ቱ የዳኮታዎችና የአሜሪካ ጦርነት ማግስት ወደ 1,600 የሚሆኑ ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ህጻናትና አዛውንት፣ ክረምቱን በአጥር ተከበው የታሰሩበት፣ ብዙዎቹም የሞቱበት። ዲሴምበር 26፣ 1862 ማንኬቶ ላይ 38 ወንዶች ባንድ ጊዜ ተሰቀሉ፣ በሚቀጥለው አመት ዳኮታዎቹ ከስቴቱ ተባረሩ። ለ11 አመት ልጅ ይሄን እንዴት ትነግሪዋለሽ? እኔ ሳልሸፍን ግን ብቻዬን ሳልሆን ነው የምነግረው። ጽሁፉን ያነበቡት፣ ያረሙት፣ ከተቻለም የሚናገሩት ዳኮታዎች ናቸው፣ እኔ አውቶቡሱን እቀበላለሁ፣ ልጆቹን አዘጋጃለሁ፣ ከዛ ማይኩን እሰጣለሁ። አፐር ሱ ኤጀንሲ የተባለው ፓርክ ደግሞ ዳኮታዎች በውል የተገባላቸው ምግብና ገንዘብ ዘግይቶ የተራቡበት ቦታ ነው፣ የስቴቱ ምክር ቤት በ2023 ወስኖ በ2024 መሬቱ ለአፐር ሱ ማህበረሰብ (ከአራቱ የዳኮታ ትራይቦች አንዱ ነው) ተመለሰ። የአካባቢው ሰው ካምፕ የምናደርግበትን አጣን ብሎ አዝኖ ነበር፣ ሀዘናቸው የእውነት ነው፣ መስማትም ያስፈልጋል፣ እኔ ግን መመለሱ ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ መቃብር ያለበትን መሬት ለባለመቃብሮቹ መስጠት ነው።

ጥሩ የተሰራ ማየት ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ። ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ፓይፕስቶን ናሽናል ሞኑመንት አለ፣ በ1937 የተቋቋመ፣ ለጋያ የሚሆነውን ቀዩን ድንጋይ መቆፈር የሚችሉት የትራይብ አባላት ብቻ ናቸው፣ በፈቃድ፣ ዛሬም በእጅ መሳሪያ ይቆፍራሉ። ሰሜን ምስራቅ ጫፍ ላይ ግራንድ ፖርቴጅ አለ፣ መሬቱን "ግራንድ ፖርቴጅ ባንድ" የሚባለው የአኒሺናቤ ትራይብ ራሱ ሰጥቶ ነው ሞኑመንት የሆነው፣ ከ1999 ጀምሮ ደግሞ የጥገናውን ስራ በስምምነት የሚሰራው ያው ትራይብ ነው። ኦገስት ላይ ፓውዋው (የከበሮና የዳንስ በዓል) አላቸው፣ ሂጂ፣ ቁጭ ብለሽ እዪ፣ አስተዋዋቂው ፎቶ አታንሱ ሲል ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ።

አሁን ጥያቄሽ፣ ኔቲቭ ያልሆነ ሰው ያመልክት ወይ። ህጉ አይከለክልሽም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሊዬዞኑ የሚበልጠውን ድርሻ የሚይዝበት ቦታ ላይ ለስራው የበቃ ዳኮታ ወይም አኒሺናቤ ሰው ቢገኝ ቦታው የሱ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ብዙ መስሪያ ቤቶችም አሁን ወደዛ እየሄዱ ነው። ትምህርቱ የሚበልጥበት ቦታ ላይ ግን ያለሀሳብ አመልክቺ። ማስታወቂያውን እንደገና አንብቢና ከስራ ዝርዝሩ ስንቱ ምክክር ነው ስንቱ ፕሮግራም ነው የሚለውን ለዪ። ሌላው ዜግነት ነው፣ የፌዴራል ፓርክ ስራ አብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፣ በዛ ላይ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የቅጥር እገዳና ቅነሳ ስለነበር በሩ ጠቧል። ባለ ግሪን ካርድ ስለሆንሽ የስቴት ፓርኮችን፣ የካውንቲ ፓርኮችን፣ እንደ ስሪ ሪቨርስ ያሉትን የፓርክ ዲስትሪክቶች፣ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ከተማ ፓርኮችን እዪ።

የአገር ቤት ልምድሽ በደንብ ይቆጠራል፣ ግን አንቺ በጻፍሽው መንገድ አይደለም። "ኢትዮጵያም ብዙ ብሔረሰብ ስላለ ባህል ይገባኛል" ብለሽ እንዳትጽፊ። ቃለ መጠይቁ ላይ የትራይብ ተወካይ ሊቀመጥ ይችላል፣ የነሱን ነገር ካንቺ ጋር አንድ አይነት ነው ስትያቸው ደስ አይላቸውም፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ደስ አይለኝም። ይልቅ ያየሽውን ጻፊ። ሰሜን ተራሮች በ1969 ፓርክ ሲሆን ውስጡ ሰው ነበር፣ ገበሬ፣ ከብት፣ ቤተክርስቲያን። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ሰሜንና ላሊበላ ከየሎውስቶንና ከሜሳ ቨርዴ ጋር ባንድ ዝርዝር ነው የገቡት፣ የሎውስቶንም በ1872 ፓርክ ሲባል ቱኩዲካዎች የሚኖሩበት፣ ሌሎች ብዙ ትራይቦችም የሚመላለሱበት አገር ነበር። ግጭ መንደር በ2016 ተነስቶ ሰዉ ወደ ደባርቅ ሲወርድ አንቺ እዛው ስራ ላይ ነበርሽ ብለሻል። ቱሪስቱ ዋልያና ጭላዳ ሲጠይቅሽ፣ ባዶ የሆነውን ሰፈር እያለፍሽ ምን ነበር የምትነግሪው? የተነሱትን ሰዎች ታውቂያቸው ነበር፣ ስካውቶቹንና ባለበቅሎዎቹን ታውቂያቸው ነበር፣ በፓርክ ጽህፈት ቤቱና በነሱ መሀል ቆመሽ የሁለቱንም ቋንቋ ትሰሚ ነበር። ይሄ ብዙ አመልካች ጋ የሌለ ነገር ነው፣ ፓርክ ሲሰራ የሚነሳ ሰው እንዳለ በመጽሐፍ ሳይሆን በአይንሽ አይተሻል፣ እሱን በአንድ አንቀጽ ቀጥ አድርገሽ ጻፊው፣ ንጽጽሩን ግን ለአንባቢው ተይለት።

ከማመልከትሽ በፊት የምትችይውን ያህል እነዚህን ስሪ። ሴንት ፖል ኢንዲያን ማውንድስ ፓርክ ሂጂ፣ ከመቃብር ጉብታዎቹ ስድስቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ ቦታው መናፈሻ ብቻ ሳይሆን መካነ መቃብር መሆኑን የሚናገሩት ታፔላዎች እንዴት እንደተጻፉ ልብ በዪ። የናሽናል አሶሴሽን ፎር ኢንተርፕሪቴሽን የአስጎብኚነት ሰርተፊኬት አጭር ኮርስ ነው፣ የአገር ቤት ልምድሽን ለፈረንጅ ቀጣሪ በሚገባው ቋንቋ ያስቀምጥልሻል። የዱሉዝ ዩኒቨርሲቲ ለስቴት ሰራተኞች የሚሰጠው የትራይብና የስቴት ግንኙነት ስልጠና እንዳለ እወቂ፣ ከተቀጠርሽ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲልኩሽ ጠይቂ። እና በአቅራቢያሽ ያለው ትራይብ ጋዜጣ ካለው አንብቢ፣ የምክር ቤቱን ሊቀመንበር ስም አውቀሽ ቃለ መጠይቅ ግቢ፣ የሚገርምሽ ብዙ ሰው ሳያውቅ ነው የሚገባው።

ቃለ መጠይቁ ላይ "ትራይቡ አንድ ነገር ቢል ሱፐርቫይዘርሽ ደግሞ ሌላ ቢል ምን ታደርጊያለሽ?" መባልሽ አይቀርም፣ ሁሉም ቦታ የሚጠየቅ ነው። "አስታርቃለሁ" ብለሽ አትለፊው። ትራይቡ ያለውን ቃል በቃል በጽሁፍ አስቀምጬ ውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ አደርሳለሁ፣ የውሉን ወይም የህጉን ግዴታ አያይዤ አሳያለሁ፣ ውሳኔው ምንም ይሁን ምን ውሳኔውንና ምክንያቱን ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ በይ። አንቺም በተራሽ ጠይቂያቸው፣ ቦታው ቋሚ ነው ወይስ የግራንት ገንዘብ ሲያልቅ የሚያልቅ፣ ለአዛውንቶች ክፍያ የተያዘ በጀት አለ ወይ፣ ሊዬዞኑ ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው። በጀቱ ዜሮ ከሆነና አለቃሽ የማርኬቲንግ ኃላፊ ከሆነ ሌላ ማስታወቂያ ጠብቂ። ሲቪሽን አስተካክለሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ የሰሜኑን አንቀጽ በተለይ አይልሻለሁ።